ከመደርደሪያው እስከ ሱፐር ቦውል የተዘለሉት ሦስት ዓመታት

የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋቹን የከርት ዋርነርን ታሪክ የሚያወራ ሰው ሁሉ አንድ ቦታ ሲደርስ ይዘላል። ልጁ በ1994 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ኤንኤፍኤል በሚባለው ታላቁ የፉትቦል ሊግ ከሚጫወተው ከግሪን ቤይ ፓከርስ የልምምድ ካምፕ ተሰናበተ፤ አዮዋ ውስጥ ሲዳር ፎልስ በምትባል ከተማ፣ ሃይቪ ሱፐርማርኬት ሌሊት ሌሊት ዕቃ እየደረደረ በሰዓት 5 ዶላር ከ50 ሳንቲም ይከፈለው ጀመር፤ ከዚያ በጥር 2000 የዚያው ሊግ ፍጻሜ የሆነው የሱፐር ቦውል ኮከብ ሆነ። እንዲህ ሲወራ ሰውየው ከታሸገ ምግብ መደርደሪያ ሥር ተነስቶ በቀጥታ ስታዲየም የገባ ይመስላል። መሀል ላይ ያሉት ዓመታትስ? ሦስቱ ያለፉት ዴ ሞይን ከተማ፣ ጣሪያ ሥር፣ አዮዋ ባርንስቶርመርስ በሚባል ቡድን ውስጥ ነው። የሚዘለው ይሄ ቡድን ነው፤ እኔ ደግሞ የምወደው ይሄንኑ ነው።

ስለ አሜሪካ ፉትቦል ሀ ሁ ማስቆጠር አልፈልግም። ሞላላዋን ኳስ በሩጫም በውርወራም ይዞ የባላጋራን የመጨረሻ መስመር ማለፍ፣ ታችዳውን የሚባለውን ማስቆጠር፣ ነው፤ በአራት ሙከራ 10 ያርድ ያልሄደ ቡድን ኳሷን ያስረክባል። የአዳራሹ ጨዋታ ይህንኑ ወስዶ የበረዶ ሆኪ በሚካሄድበት ቦታ ላይ ያሳርፈዋል። ርዝመቱ 50 ያርድ፣ ስፋቱ 85 ጫማ ነው፤ ከትልቁ ሜዳ በርዝመትም በስፋትም ግማሽ ያህሉ። በየወገኑ 11 ሳይሆን 8 ሰው ይሰለፋል። ዳሩ ላይ ስፖንጅ የለበሰ ግድግዳ አለ፤ ፊት ወንበር የተቀመጠ ተመልካች እጁን ቢዘረጋ ተጫዋቹን ይነካዋል። ኳስን ወደ ሰማይ ጠልዞ ለባላጋራ መስጠት ክልክል ነው፤ አራተኛው ሙከራ ላይ ወይ ወደፊት ትሄዳለህ ወይ ወደ ግብ ትመታለህ።

ጨዋታውን የፈጠረው ጂም ፎስተር ነው። ሐሳቡ የመጣለት በየካቲት 1981 ኒውዮርክ፣ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ተቀምጦ የአዳራሽ እግር ኳስ ሲመለከት ነበር። የኛን እግር ኳስ ማለቴ ነው፣ በእግር የሚመታውን። ይሄ በአዳራሽ ከተቻለ ያኛውስ ለምን ይቀራል ብሎ በእጁ የነበረው ፖስታ ላይ ሜዳውን ነደፈ። በ1987 የአሬና ፉትቦል ሊግ በአራት ቡድኖች ተጀመረ። ፉትቦልን ባዩ ቁጥር «ይሄ ደግሞ ኳስ ነው?» እያሉ ከንፈር ለሚመጥጡ ወዳጆቼ ይህችን ታሪክ አልነፍጋቸውም።

ከፎስተር ንድፍ ውስጥ ለኔ አንደኛው መረቡ ነው። የግቡ ቋሚዎች ተቀራርበው በ9 ጫማ ርቀት ይቆማሉ፤ ትልቁ ሜዳ ላይ ርቀታቸው 18 ጫማ ተኩል ነው። አግዳሚው ከመሬት 15 ጫማ ከፍ ብሏል። በግራና በቀኝ ደግሞ ስፋታቸው 30፣ ቁመታቸው 32 ጫማ የሆነ መረቦች ተወጥረዋል። ግቡን የሳተ ምት መረቡን ነክቶ ወደ ሜዳ ሲመለስ ጨዋታው አይቆምም፤ ቀድሞ የያዘ ይዟት ይሮጣል። የተወረወረች ኳስም ከመረቡ ተመልሳ መሬት ሳትነካ ከተያዘች ትቆጠራለች። አዲስ አበባ ውስጥ በሁለት የቆርቆሮ አጥር መካከል ኳስ ሲያንከባልል ያደገ ሰው ይህን ሕግ ማንም ሳያስረዳው ያውቀዋል፤ ለአጥሩ አቀብለህ ከአጥሩ ትቀበላለህ። መጀመሪያ ያየሁ ዕለት አብሮኝ የነበረው የመርካቶ ልጅ ፉትሳል ነው ብሎ ነው የመጣው። ገና ከመግባታችን ቁና ቁና እየተነፈሱ ግድግዳ ላይ የሚላተሙትን ግዙፎች አይቶ ደነገጠ። ከመረቡ የተመለሰችውን ኳስ አንዱ ይዟት ሲፈተለክ ግን «ይሄማ የኛው ሰፈር ነው!» ብሎ ብድግ አለ። ከዚያ በኋላ አልተቀመጠም፤ ከኋላችን የነበሩት ሰዎች ሲያጉረመርሙ አመሹ።

ፎስተር መረቡን ሰቅሎ ዝም አላለም። በመጋቢት 1990 የጨዋታውን ሥርዓት በአሜሪካ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አስከበረ። በየከተማው የተቋቋሙት ሌሎች የአዳራሽ ሊጎች ያንን መረብ መስቀል አልቻሉም፤ መብቱ ያበቃው በ2007 ነው። እንግዲህ ጣሪያ ሥር የሚደረገውን ፉትቦል በሙሉ «አሬና ፉትቦል» እያሉ የሚጠሩ፣ ጋዜጠኞችም ጭምር፣ ቀና ብለው ግቡን ቢያዩ መልካም ነው። መረቡ ከሌለ አሬና አይደለም።

ባርንስቶርመርስን በ1995 ዴ ሞይን ላይ ያቋቋመው ራሱ ፎስተር ነበር። ስሙ ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ በየገበሬው ማሳ እያረፉ የአየር ላይ ትርኢት ያሳዩ ከነበሩ አብራሪዎች የተወሰደ ነው። ቤታቸው በ1955 የተከፈተው የቬተራንስ መታሰቢያ አዳራሽ ሆነ። አሰልጣኝ ሆኖ የመጣው ጆን ግሪጎሪ ነው፤ በ1989 ሳስካቸዋን ራፍራይደርስን ይዞ የካናዳን ዋንጫ፣ ግሬይ ካፕን፣ 43 ለ 40 ያሸነፈ ሰው። ይህን ሹመት እንደ ቁልቁለት የሚያዩት አሉ። እኔ ግን ዕድል ነበር እላለሁ። የካናዳ ሜዳ 110 ያርድ በ65 ያርድ፣ ከሁሉም ሰፊው ነው፤ ግን ከጠባቡ አዳራሽ ጋር የሚጋራው አንድ ነገር አለ። ኳሷ ከመነሳቷ በፊት ተቀባይ ወደፊት እየሮጠ መስመሩ ላይ እንዲደርስ ይፈቀድለታል። ካናዳ ይህን ለብዙዎች ይፈቅዳል፣ አዳራሹ ለአንድ ሰው። በኤንኤፍኤል ግን ኳሷ ስትነሳ ወደፊት መንቀሳቀስ ጥፋት ነው። ግሪጎሪ እንግዲህ ተቀባዩ ቀድሞ ፍጥነት ይዞ የሚመጣበትን ጨዋታ ለዓመታት ኖሮበት ነው አዮዋ የገባው።

ዋርነርን የሠራው ይሄ ይመስለኛል። ኳርተርባክ፣ ኳስ ወርዋሪው ማለት ነው፣ በትልቁ ሜዳ ኳሷን ተቀብሎ ወደኋላ ያፈገፍጋል፣ ግራ ቀኝ ያያል፣ ሰው ነጻ እስኪሆን ይጠብቃል። በአዳራሹ ይህ ሁሉ ቅንጦት ነው። ተቀባዩ አስቀድሞ በሙሉ ሩጫ ላይ ስለሆነ መስመሩን ባለፈ ቅጽበት ኳሷ መንገድ ላይ መሆን አለባት። ከኋላው ማፈግፈጊያ የለም፣ ከጎኑ መሸሻ የለም፣ ትንሽ ካመነታ የባላጋራ ተከላካይ ደረቱ ላይ ነው። ስለዚህ ዓይን ሰውየውን ሳይሆን ሰውየው የሚደርስበትን ባዶ ቦታ ማየት ይማራል፤ እጅም ኳሷን ቶሎ መልቀቅ ይለምዳል። በዚያ ላይ ሁለቱም ቡድኖች ኳስ በያዙ ቁጥር ነጥብ ስለሚያገቡ አንዲት ስህተት የጨዋታው መጨረሻ ልትሆን ትችላለች። ውጭ ሜዳ ላይ አንድ ያመለጠ ዕድል በመከላከል ይካካሳል፤ እዚህ ግን የሚያካክስልህ የለም። ዋርነር በዚህ ትምህርት ቤት ሦስት ዓመት ተቀመጠ። ከ10 ሺህ ያርድ በላይ ወረወረ፤ 183 የታችዳውን ኳሶች አቀበለ። እነዚህን ቁጥሮች «ጠባብ ሜዳ ነው፣ ማንም ያገባል» ብሎ የሚያጣጥል ሰው አጋጥሞኛል። ማንም የሚያገባ ከሆነ የሌሎቹን ኳርተርባኮች ስም እስቲ ይንገረኝ።

ዋንጫ ግን አላገኘም። በ1996 ቡድኑ ከ14 ጨዋታ 12ቱን አሸንፎ ፍጻሜውን በራሱ አዳራሽ፣ በራሱ ሕዝብ ፊት ተጫወተ፤ ታምፓ ቤይ ስቶርም 42 ለ 38 አሸነፈው። በቀጣዩ ዓመትም እስከ ፍጻሜ ደረሰ፤ ፊኒክስ ላይ በአሪዞና ራትለርስ 55 ለ 33 ተረታ። በ1998 ዋርነር ወደ አምስተርዳም አድሚራልስ ሄደ፣ ከዚያም በኤንኤፍኤሉ ሴንት ሉዊስ ራምስ ተጠባባቂ ሆኖ ከረመ። በ1999 ከውድድሩ መክፈቻ በፊት የቡድኑ አንደኛ ኳርተርባክ ትሬንት ግሪን ጉልበቱን ሲጎዳ የዋርነር ተራ ደረሰ። በዚያ ዓመት 41 የታችዳውን ኳሶች አቀበለ፣ ራምስ 526 ነጥብ አስቆጠረ፣ በሱፐር ቦውሉም 414 ያርድ ወረወረ፤ ራምስም ቴነሲ ታይታንስን 23 ለ 16 ረታ። የራምስ ሜዳ ደግሞ ጣሪያ ያለው፣ ሰው ሠራሽ ሣር የተነጠፈበት ነበር፤ ለዴ ሞይን ልጅ እንግዳ አልነበረም። ስለ ሕይወቱ በ2021 የወጣው ፊልም እንኳ አዳራሹን አልዘለለውም። የሚዘልለው ወሬ አሳማሪው ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው የቡድኑ ታሪክ የመፈናቀልና የመመለስ ነው። ከ2000 ውድድር በኋላ ተሸጦ ወደ ሎንግ አይላንድ ሄደና ኒውዮርክ ድራጎንስ ተባለ። ስሙ አዮዋ ቀርቶ በ2001 በታችኛው ሊግ አንድ ዓመት ተጫወተ፤ ከዚያ እስከ 2008 ድረስ ዝም አለ። ሲመለስ ከድሮው አዳራሽ አጠገብ ዌልስ ፋርጎ አሬና ተብሎ በ2005 በተከፈተው ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ነበር። የአሬናው ሊግ በገንዘብ እጦት ወድቆ በ2010 ሲነሳ ባርንስቶርመርስም አብሮ ከፍ አለ፤ በ2015 ግን ወደ ኢንዶር ፉትቦል ሊግ ተሻገረ። በዚህ ሊግ መረብ የለም። ማሊያው ያው፣ ስሙ ያው ሆኖ ጨዋታው ሌላ ሆነ ማለት ነው። ብዙ ደጋፊ ልብ ያለው አይመስለኝም፤ እኔ ግን የመጀመሪያውን ዓመት ሙሉ ዓይኔ ከግቡ ግራና ቀኝ ያለውን ባዶ ቦታ ሲፈልግ ነበር። ያም ሆኖ ዋርነርን ያመለጠው ዋንጫ የመጣው በዚህ መረብ በሌለው ሊግ ነው። በ2018 ፍጻሜ፣ ከ2011 እስከ 2016 ስድስት ዓመት በተከታታይ ሻምፒዮን የነበረውን ሱ ፎልስ ስቶርምን 69 ለ 68 አሸነፉ።

ለማየት የምትሄዱ ከሆነ ጥቂት ነገር ልበል። ግድግዳው የጠርሙስ ማስቀመጫ አይደለም። ፊት ወንበር ይዛችሁ ስልክ የምትነካኩ፣ በተለይ ልጅ ጭናችሁ ላይ ያስቀመጣችሁ፣ አንድ ተጫዋች ከነራስ ቁሩ ተገልብጦ ሊመጣባችሁ እንደሚችል አትርሱ። አርፍዳችሁ ብትገቡ ደግሞ 21 ለ 20 ሆኖ ታገኙታላችሁ። ሌላም የምትጠብቁት ነገር አለ፦ ኳሷን መሬት ላይ አንጥሮ በእግር መምታት የሚባል ጥንታዊ ምት፤ ትልቁ ሜዳ ላይ ከተረሳ ቆይቷል። አዳራሹ ግን ዋጋ ጨምሮበታል፦ በተራው ምት 3 ነጥብ የምታስገኘው ግብ በዚህ 4፣ ከታችዳውን በኋላ የምትመታው 1 ነጥብ ደግሞ 2 ትሆናለች። የሚሞክረው ጥቂት ነው። ቡድኑ አራት ነጥብ ተመርቶ ሰዓቱ ሲያልቅ እኔ ከወንበሬ የምነሳው ያንን ምት ፍለጋ ነው።