የአነስተኛ አፈር ግድብ ጥበቃ፦ የማስተንፈሻው ደፍ ለምን አይነካም?

አነስተኛ የአፈር ግድብ የክረምቱን ውሃ አጠራቅሞ በበጋ ለመስኖ፣ ለከብት መጠጥና ለዓሣ እርባታ ለማዋል በአንድ ግለሰብ እርሻ ወይም በኅብረት ሥራ ማኅበር ይዞታ ላይ ይሠራል። ግድቡ የባለቤቱ ሀብት ነው። ቢናድ ግን ጉዳቱ በመጀመሪያ የሚደርሰው ከግድቡ በታች በሚኖረው ጎረቤት ላይ ነው። ስለሆነም የግል ግድብ ጥበቃ የባለቤቱ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

ለዚህ በጎረቤታችን በኬንያ የደረሰው አደጋ በቂ ማስረጃ ነው። ግንቦት 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ማታ በናኩሩ ካውንቲ፣ ሶላይ በተባለ ስፍራ፣ በአንድ የግል እርሻ ላይ የተሠራ የአፈር ግድብ ከብርቱ ዝናብ በኋላ ተናደ። ውሃው ከሥር የነበሩትን መንደሮች ጠራርጎ ከ40 በላይ ሰዎች ሞቱ። ሰዓቱ ማታ ስለነበር ብዙዎቹ ቤታቸው ውስጥ ነበሩ።

የአፈር ግድብ በአብዛኛው የሚናደው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ውሃ በአናቱ ላይ ሲያልፍ፣ ሁለተኛው ውሃ በውስጡ ሲያልፍ ነው።

1. ውሃ በአናቱ ላይ ሲያልፍ

አፈር የቆመን ውሃ ይችላል፤ በላዩ የሚፈስስን ውሃ ግን አይችልም። ጎርፍ አናቱን አልፎ በውጭው ተዳፋት ላይ መውረድ ከጀመረ አፈሩን እየቦረቦረ ግድቡን በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሊቆርጠው ይችላል። ይህ እንዳይሆን ትርፉ ውሃ በጎን በኩል የሚወጣበት ማስተንፈሻ ይሠራል። የማስተንፈሻው ደፍ ከግድቡ አናት ዝቅ ይላል።

ብዙ ጊዜ የሚታየው ስሕተት ባለቤቱ ተጨማሪ ውሃ ለመያዝ ሲል ደፉን በድንጋይ፣ በሳንቃ ወይም አሸዋ በተሞላ ጆንያ ከፍ ማድረጉ ነው። ምክንያቱ ይገባል፤ 1 ሄክታር ስፋት ባለው ኩሬ ላይ 50 ሳንቲ ሜትር ሲጨመር 5,000 ሜትር ኩብ ውሃ ይገኛል። ነገር ግን ሒሳቡን እስከ መጨረሻው ማስላት ያስፈልጋል። ደፉ ከአናቱ 1 ሜትር ዝቅ ያለ ነው እንበል። በኃይለኛ ጎርፍ ጊዜ ውሃው ከደፉ በላይ 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ቢፈስስ፣ እስከ አናቱ 40 ሳንቲ ሜትር ይተርፋል። ደፉ በ50 ሳንቲ ሜትር ከፍ ካለ ግን ያው ጎርፍ አናቱን በ10 ሳንቲ ሜትር ይበልጣል። ተገኘ የተባለው ውሃ ከነግድቡ ይሄዳል ማለት ነው።

ዓሣ እንዳያመልጥ ተብሎ በማስተንፈሻው ላይ የሚዘረጋ መረብም ቅጠልና ጭራሮ ይዞ ውሃውን ስለሚዘጋ ተመሳሳይ አደጋ ያስከትላል።

2. ውሃ በውስጡ ሲያልፍ

ማንኛውም የአፈር ግድብ ጥቂት ውሃ ያሰርጋል። በግድቡ እግር በኩል የሚወጣው ውሃ ንጹሕና መጠኑም የማይለወጥ ከሆነ ክትትል ይበቃዋል። የደፈረሰ ከሆነ ግን ውሃው የግድቡን አፈር ከውስጥ እየጠረገ እያወጣ ነው። ለማረጋገጥ ውሃውን በብርጭቆ ጠርሙስ ቀድቶ ማስቀመጥና ከታች ደለል መዝቀጡን ማየት ይቻላል። ለመጠኑ ደግሞ አንድ ጀሪካን ለመሙላት የሚፈጀውን ጊዜ በየሳምንቱ መመዝገብ ነው። የኩሬው ውሃ ከፍታ ሳይጨምር ጀሪካኑ ቶሎ ቶሎ መሙላት ከጀመረ ባለሙያ መጠራት አለበት።

ውሃው መንገድ የሚያገኘው በፍልፈልና በጃርት ጉድጓድ፣ በበሰበሰ የዛፍ ሥር፣ እንዲሁም በመስኖ መውጫ ቧንቧ ዙሪያ በደንብ ባልተጠቀጠቀ አፈር በኩል ነው። ስለዚህ ባሕር ዛፍም ሆነ ሌላ ዛፍ በግድቡ ላይ አይተከልም። በራሱ የበቀለውም ገና ችግኝ ሳለ ይነቀላል። ትልቅ የሆነውን ግን ባለሙያ ሳያማክሩ መቁረጥ አይገባም፤ ሥሩ ውስጥ ቀርቶ ሲበሰብስ ለውሃ መተላለፊያ ይሆናልና። ለግድብ የሚስማማው እንደ ሰርዶ ያለ አጭር ሣር ነው።

ከክረምት በፊት የሚደረግ ምርመራ

ሀ. ማስተንፈሻውን ከደለል፣ ከቁጥቋጦና ከአጥር ማጽዳት።
ለ. አናቱን ከዳር እስከ ዳር በገመድና በውሃ ልክ መለካት፤ የሰመጠውን ቦታ በተመሳሳይ አፈር እየጠቀጠቁ መሙላት።
ሐ. ስንጥቅ፣ የተንሸራተተ አፈር፣ የአውሬ ጉድጓድና የከብት መሄጃ መኖሩን ማየት።
መ. የመውጫውን መዝጊያ ከፍቶና ዘግቶ መሞከር።
ሠ. ከግድቡ በታች ያሉትን ቤቶች መቁጠር፤ ማን እንደሚያስጠነቅቅና ሰው ወደየትኛው ከፍታ እንደሚሸሽ ከነዋሪዎቹ ጋር መስማማት።

በክረምት ግድቡን ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ከእያንዳንዱ ብርቱ ዝናብ በኋላም ወዲያውኑ በእግር መዞር ያስፈልጋል። ኩሬው ሞልቶ ሌሊት የሚዘንብ ከሆነ ጠባቂ ይመደባል።

አደጋ ሲታይ

የደፈረሰ ውሃ ከታየ ወይም ውሃው ወደ አናቱ ከተቃረበ በመጀመሪያ የሚደረገው ከሥር ያሉትን ሰዎች ማስነሣት ነው። ቀጥሎ መውጫውን መክፈትና ማስተንፈሻው ተዘግቶ እንደሆነ ማስለቀቅ ነው። ውሃው የሚወጣበትን ቀዳዳ በጭቃ መድፈን አይገባም፤ ውሃው ሌላ መንገድ ይፈልጋል። ይልቁንም በላዩ መጀመሪያ አሸዋ፣ ከዚያም ጠጠር ቢደረብበት ውሃው እያለፈ አፈሩ ይቀራል። ግድቡን ቆርጦ ውሃ ለማፍሰስ መሞከር ግን አደጋውን በገዛ እጅ መጥራት ነው።

የልማት ሠራተኛው በዚህ ዓመት ምርመራውን ሲያካሂድ ባለቤቱን ብቻ ሳይሆን ከግድቡ በታች ከሚኖሩት ጎረቤቶችም አንዱን ይዞ ቢዞር መልካም ነው። ባለቤቱ ደፉን ከፍ ማድረግ በሚያምረው ጊዜ የማንን ቤት እንደሚነካ ያውቃል፤ ጎረቤቱም ምን ምልክት ሲያይ መጮኽ እንዳለበት ይማራል። ሳይቃጠል በቅጠል እንደተባለው፣ የግድብ ጥገና የሚያምረው ውሃው ከመሙላቱ በፊት ነው።