ከተጣለ ቴሌቪዥን የሚወጣ እሳት

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የብዙ አሜሪካውያንን ሳሎን ይሞላ የነበረው ቁም ሣጥን የሚያክል ቴሌቪዥን ዛሬ በነጻ ውሰዱት ቢባል እንኳ ፈላጊ የለውም። ምስሉን ከሆዱ ወደ ስክሪኑ የሚወረውር ዓይነት ነው። ጠፍጣፋው ቴሌቪዥን ገበያውን ሲቀማው፣ እስከ መጨረሻው የቆየው አምራች ሚትሱቢሺም በ2012 ተስፋ ቆረጠ። ሆኖም ሣጥኑን ትተው ስክሪኑን ብቻ ነቅለው የሚወስዱ ሰዎች አሉ። ስክሪኑ ከተደራረቡ ስስ የፕላስቲክ ገጾች የተሠራ ሲሆን፣ በውስጥ በኩል ያለው ትልቅ ሌንስ ነው፤ የሚፈለገውም የፀሐይን ብርሃን አንድ ነጥብ ላይ ስለሚሰበስብ ነው።

ይህን የሚያክል ሌንስ እንደ አጉሊ መነጽር በወፍራሙ ቢሠራ ለመሸከም እንኳ ያስቸግር ነበር። መላውን ሥራ ላይ ያዋለው ኦጉስታን ፍሬኔል የተባለ ፈረንሳዊ ነው፤ ሌንሱ በ1823 በኮርዱዋን የመርከብ መብራት ማማ ላይ ተተከለ። ብርሃን የሚታጠፈው ወደ ሌንሱ ሲገባና ሲወጣ ገጹ ላይ እንጂ መሐል ላይ አይደለም። ስለዚህ ውፍረቱ ተጥሎ ጥምዝ ገጹ ብቻ በቀለበት በቀለበት ቢደረደር ሥራው አይጓደልም። የቴሌቪዥኑ ሌንስ በጣት ሲዳሰስ እንደ ሙዚቃ ሸክላ የሚሻክረው ለዚህ ነው። ፀሐይ ለመሰብሰብ ሻካራው ጎን ወደ ሰማይ ይዞራል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀጥሎ ነው፦ ሌንሱ ሙቀት አይፈጥርም። ሰማይ ሲጠራ፣ እኩለ ቀን ላይ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፈው የፀሐይ ኃይል 1,000 ዋት ገደማ ነው። 1 ሜትር በ75 ሳንቲ ሜትር የሆነ ስክሪን 750 ዋት ይቀበላል፤ ፕላስቲኩ የሚያስቀረው ሲቀነስ ከ500 እስከ 600 ቢተርፍ ነው። የአንድ ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ግማሽ ያህል። ነገር ግን ይህ ሁሉ የሚያርፈው ጥቂት ሳንቲ ሜትር ስፋት ባላት ነጥብ ላይ ነው። እንጨት ወዲያው ይያያዛል፤ በ420 ዲግሪ የሚቀልጠው ዚንክም ይፈስሳል። ማርኩስ ካይዘር የተባለ ዲዛይነር በ2011 ግብፅ ሲዋ አካባቢ በፍሬኔል ሌንስ የበረሃ አሸዋ እያቀለጠ ሳህን ሠርቷል።

ታዲያ እንጀራ ይጋገርበታል? አይመስለኝም። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ኪሎዋት ተኩል አካባቢ ይበላል፤ በዚያ ላይ ምጣድ የሚፈልገው ዳር እስከ ዳር የተስተካከለ ሙቀት ነው፣ ሌንስ የሚሰጠው ደግሞ የዚያን ተቃራኒ። ሻይ ግን ይፈላበታል፤ አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ለአንድ ሊትር ሩብ ሰዓት ያህል ይበቃል። ብርሃኑ ከላይ ስለሚመጣ የሚመታው ክዳኑን ነው እንጂ የማንቆርቆሪያውን ቂጥ አይደለም፤ ከሥር መስታወት ካልተደረገ በቀር ማለት ነው። ለወጥ ቤት ከሆነ ጎድጓዳው የፀሐይ ምድጃ ይሻላል፣ ከታች ያሞቃልና። ሌንስ የሚሰበስበውም በቀጥታ የሚመጣን ጨረር ብቻ ስለሆነ ክረምት ላይ፣ ደመና ሲከድነው፣ ተራ ፕላስቲክ ነው።

ሌላው ጣጣ ፀሐይ መሄዷ ነው። በየሁለት ደቂቃው የራሷን ስፋት ያህል ትራመዳለች፣ ነጥቧም አብራት ትሸሻለች። ስለዚህ ሌንሱ በሁለት በኩል በሚዞር ፍሬም ላይ ይታሰራል፤ አለዚያ ማሰሮው ሳይሆን ጠረጴዛው ይነዳል።

አደጋው ቀልድ አይደለም። ነጥቧን በባዶ ዓይን ማየት ዓይንን ይጎዳል፤ የብየዳ መነጽር የግድ ነው። እርጥበት ያለው ድንጋይና ኮንክሪት በድንገት ሊፈነዳ ይችላል። እርሳስና ዚንክ የተቀባ ብረት ሲሞቁ የሚያወጡት ጭስ መርዝ ነው። ሥራው ሲያበቃ ሌንሱን ግድግዳ ላይ ደግፎ መተው ቤት ያቃጥላል፤ በወፍራም ጨርቅ ተጠቅልሎ ጥላ ውስጥ ይቀመጣል። ለመጀመሪያ ሙከራ በድሮው የክፍል ፕሮጀክተር መስታወት ሥር ያለው ትንሹ ሌንስ ይመረጣል፤ 80 ዋት ያህል ነው የሚሰበስበው፣ ጭራሮ ለማቀጣጠል ግን አያንስም።