“ወጌሻ!” ከተባለ በኋላ

የካቲት 20 ቀን 2015 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ የፊፋ ዓመታዊ ሽልማት ሲሰጥ የአብዛኛው ኳስ አፍቃሪ ዓይን ሊዮኔል ሜሲ ላይ ነበር። የዓመቱ ምርጥ ጎል ተብሎ የፑሽካሽን ሽልማት የወሰደው ግን እዚህ አገር ብዙ ሰው ስሙን ሰምቶት የማያውቅ ፖላንዳዊ ነው፤ ማርቺን ኦሌክሲ። የረታቸው ደግሞ እንዲህ በቀላሉ የሚረቱ ሰዎች አይደሉም። አንዱ ሪቻርሊሰን ነው፣ ያውም በኳታሩ ዓለም ዋንጫ ሰርቢያ ላይ ባስቆጠራት በዚያች ጎል። ሌላው ፈረንሳዊው ዲሚትሪ ፓዬ ነው። ኦሌክሲ ጎሏን ያገባት ከክንፍ የተሻማችለትን ኳስ አየር ላይ ተንሳፎ በመቀስ ምት ነው። ሁለቱን ክራንቾች ተደግፎ ተነሳ፣ በአንድ እግሩ መታት፣ መረቡ ተንቀጠቀጠ። ሌላ እግር የለውማ!

ኦሌክሲ በአገሩ ዝቅተኛ ዲቪዚዮን ግብ ጠባቂ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 መንገድ ሥራ ላይ እያለ መኪና ገጭቶት እግሩን አጣ። ወደ ኳስ የመለሰው ተአምር አይደለም። መጀመሪያ ሐኪም፣ ቀጥሎ ክራንች፣ ከዚያ በክራንች የሚጫወት ቡድን ስለነበረ ነው። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ያቺን ጎል ዓለም አያያትም ነበር።

ይሄ ታዲያ ከሽንዲ ጋር ምን አገናኘው? ሽንዲ የምዕራብ ጎጃሟ የወንበርማ ወረዳ ከተማ ናት። በቆሎና በርበሬ የሚታፈስበት አገር ነው። እንደ የትኛውም የገጠር ከተማ ከትምህርት ቤት መልስ ኳስ አለ፣ በባዶ እግርም ቢሆን። ኳስ ባለበት ሁሉ ደግሞ ስብራት አለ። አዲስ አበባ ስታዲየም ተጫዋች ሲወድቅ ተመልካቹ “ወጌሻ! ወጌሻ!” እያለ ይጮኻል፤ ቦርሳውን አንጠልጥሎ እየሮጠ የሚገባው የክለቡ ባለሙያ ነው። ገጠር ሜዳ ላይ ልጅ ወድቆ ክንዱ ወይም ቅልጥሙ ሲሰበርም የሚጠራው ወጌሻ ነው። ስሙ አንድ፣ ሰውየው ግን ሌላ።

የመንደር ወጌሻን ማጣጣል አይገባም። ቅርብ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ስንቱን ወለምታና ውልቃት ሲመልስ ኖሯል። ችግሩ ያለው ማሰሪያው ላይ ነው። ስብራቱ በቀርከሃ ወይም በእንጨት ስንጥር ተደግፎ በጨርቅ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል። የተሰበረ ቦታ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያብጣል። ማሰሪያው ካልላላ እብጠቱ ደም ስሩን ይዘጋል፤ ደም ያልደረሰው ሥጋ ይሞታል። ሐኪሞች ጋንግሪን የሚሉት እሱ ነው። በአገራችን ሆስፒታሎች በተሠሩ ጥናቶች ሕፃናት እጅና እግራቸው እንዲቆረጥ ከሚያደርጉት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ይኸው ጠብቆ የታሰረ ስብራት ነው። በአብዛኛው እንግዲህ መጀመሪያ ላይ በጀሶ ብቻ የሚድን ስብራት ነበር።

ማሰሪያው ከተደረገ በኋላ ልጁ ሕመሙ እየባሰበት ካለቀሰ፣ ጣቶቹ ካበጡ፣ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ ወይም ቀለማቸው ከጠቆረ ያንኑ ሰዓት ማሰሪያው ተፈትቶ ልጁ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት። “እስኪ ይደር” የሚባል ነገር የለም፤ ሥጋ እንዲሞት ሰዓታት ይበቁታል። ደግሞ ወጌሾቹ ሲነገራቸው አይሰሙም የሚባለው ሐሰት ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመ የኢትዮጵያ ጥናት በአንድ የገጠር ሆስፒታል አካባቢ ላሉ ወጌሾች ስለ ማሰሪያው አጭር ትምህርት ከተሰጠ በኋላ በጋንግሪን የሚቆረጡ ሰዎች ቁጥር በግልጽ ቀንሷል።

እግሩ አንዴ ከተቆረጠስ? የሽንዲ ሰው ጣጣ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የዞኑ ዋና ከተማና ትልቁ ሆስፒታል ፍኖተ ሰላም ነው። ከሽንዲ ቡሬ ወጥቶ ወደ አዲስ አበባ አቅጣጫ መታጠፍ ነው። ሰው ሰራሽ እግር የሚሠራበት የአካል ተሃድሶ ማዕከል ያለው ግን ባሕር ዳር ነው። ከቡሬ በተቃራኒው፣ በእንጅባራና በዳንግላ አድርጎ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ። ቆርጦ የሚያድን በአንድ በኩል፣ እግር የሚተክል በሌላ በኩል። ስለዚህ ከሆስፒታል ሲወጣ “ቁስሉ ሲድን ባሕር ዳር ሂድ” የሚለው ሰው ያላገኘ ልጅ እንጨት ተመርኩዞ ቤቱ ይቀራል። ብዙውም የሚቀረው ማዕከሉ ሞልቶበት ወይም ተከልክሎ አይደለም፣ መኖሩን ሳያውቅ ነው። ባሕር ዳር ከነማን ለማየት ሰው ተሳፍሮ የሚሄድበት መንገድ እኮ ነው!

እዚያ የሚሆነውን ማወቅም ይጠቅማል። ሰው ሰራሽ እግር እንደ ጫማ ቁጥር ተነግሮ ከመደርደሪያ የሚወርድ ዕቃ አይደለም። መጀመሪያ ቁስሉ በደንብ መዳን አለበት። ከተቆረጠው የቀረው የእግር ክፍል እንዳያብጥና ቅርፅ እንዲይዝ በፋሻ ይጠቀለላል። ከዚያ ባለሙያው በጀሶ ልኩን ይወስዳል። በጀሶው ቅርጽ ላይ የጋለ ፖሊፕሮፒሊን የተባለ ፕላስቲክ ይለበጥና እግሩ የሚገባበት ማቀፊያ ይወጣል። ቴክኖሎጂው የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ነው፤ ርካሽና ጠንካራ በመሆኑ በብዙ ደሃ አገሮች ይሠራበታል። ቀይ መስቀሉ የኢትዮጵያን ማዕከላት በዕቃና በሥልጠና ሲደግፍ ቆይቷል፤ በተለያዩ ዓመታትም አቅም ለሌላቸው ሰዎች የመጓጓዣና የማደሪያ ወጪ ሸፍኗል። እግሩ ከተሠራ በኋላ ደግሞ ልምምድ አለ። መቆም፣ ሚዛን መጠበቅ፣ ዳገት መውጣት። ይሄ ሁሉ በአንድ ጀንበር አያልቅም፣ ባሕር ዳር ሰንብቶ ነው።

ለሕፃን ደግሞ ይብሳል። ልጅ ያድጋል፣ ፕላስቲክ አያድግም። አዋቂ አንዱን እግር ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ሲያደርገው ለልጅ ግን በየስድስት ወሩ ገደማ መቀየር ወይም መስተካከል አለበት። የስምንት ዓመት ልጅ አሥራ ስምንት እስኪሞላው ስንት ጊዜ መመላለስ እንዳለበት አንባቢ ያስላው። በዚያ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ በተቀሰቀሰው ጦርነት መንገዱ በየጊዜው ሲዘጋ ከርሟል። የጠበበ እግር አድርጎ መሄድ ደግሞ ቁስል ያመጣል፤ ቁስል ያመጣበት ልጅ እግሩን አልጋ ሥር አስቀምጦ ወደ እንጨቱ ይመለሳል።

ጎንደር ላይ የተሠራ አንድ ሥራ ለዚህ ችግር ጥሩ መልስ ይመስላል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማኅበረሰብ አቀፍ ተሃድሶ የሚባል ፕሮግራም ጀምሮ ባለሙያዎቹ አካል ጉዳተኛው እስኪመጣ ከመጠበቅ ይልቅ ገጠር ወርደው ቤት ለቤት ሲያገኙት ነበር። እናት ልጇን እንዴት እንደምታለማምድ ያሳያሉ፣ ትምህርት ቤቱን ያነጋግራሉ፣ ዕቃ የሚያስፈልገውን ይልካሉ። ዩኒቨርሲቲው ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ኦኩፔሽናል ቴራፒ የተባለውን ሙያ በአገራችን በዲግሪ ማስተማር የጀመረም ነው። ሙያው ባጭሩ ሰው ከነጉዳቱ እንዲለብስ፣ እንዲያበስል፣ እንዲያርስ፣ እንዲማር መንገድ ማበጀት ነው።

ሽንዲ ላለ ቤተሰብ ቅርቡ በር የቀበሌው ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። ከእሷ ጤና ጣቢያ፣ ከጤና ጣቢያ ሪፈር። በጎን ደግሞ የወረዳው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት አለ፤ የአካል ጉዳተኛ ጉዳይ የሚመለከተው እሱን ነው፣ የድጋፍ ደብዳቤም የሚጠየቀው እዚያ ነው። አቅም የሌለው ከቀበሌው ማስረጃ ይዞ ቢሄድ ይመረጣል፣ ያለ ወረቀት ሄዶ ከበር መመለስ አለና። ከመሄድ በፊት ማዕከሉ በዚያ ሰሞን እየሠራ መሆኑን፣ ዕቃ መኖሩንና ማደሪያ ይሰጥ እንደሆነ በሪፈር ጸሐፊው በኩል አስደውሎ ማረጋገጥም ከሁለት ጊዜ ትራንስፖርት ያድናል። ዕድሩም ቢሆን ለቀብር ብቻ የተቋቋመ አይደለም። ለሁለት ሰው መሳፈሪያ ቢያዋጣ ምን ይለዋል?

ይሄ የሽንዲ ብቻ ችግር እንዳይመስል። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጡት ሪፖርት በዓለም ላይ 2.5 ቢሊዮን ሰው ከመነጽር እስከ ዊልቸር ቢያንስ አንድ አጋዥ መሣሪያ ያስፈልገዋል። በአንዳንድ ደሃ አገሮች ከሚያስፈልጋቸው ሰዎች መሣሪያውን ያገኙት 3 በመቶ ብቻ ናቸው።

ወደ ኳሱ እንመለስ። በክራንች የሚጫወት እግር ኳስ ሰው ሰራሽ እግር አይጠይቅም፤ እንዲያውም ሜዳ ላይ ማድረግ ክልክል ነው። አንድ ቡድን ሰባት ተጫዋች አለው። ስድስቱ አንድ እግር ያላቸው፣ ግብ ጠባቂው አንድ እጅ ያለው። ሜዳው 60 በ40 ሜትር ገደማ፣ ጨዋታው ሁለት ጊዜ 25 ደቂቃ ነው። ኦፍሳይድ የለም (አጥቂዎች ደስ ይበላችሁ)። የእጅ ውርወራም የለም፣ የወጣች ኳስ በእግር ነው የምትገባው። ሆን ብሎ በክራንች ኳስ መንካት ማኖ ነው። በሩጫ ላይ ሁለቱ ክራንቾች መሬት ሲመቱ እግሩ እንደ ፔንዱለም ይወነጨፋል። ለሃምሳ ደቂቃ እንዲህ መሮጥ ክንድና ትከሻን ምን እንደሚያደርገው ሁለት ደቂቃ ሞክሮ ማየት ነው።

ይሄን ጨዋታ ከአፍሪካ በዓለም አናት ላይ ያወጣችው አንጎላ ናት። የእርስ በርስ ጦርነቱ ፈንጂ ስንቱን እግር የበላባት አገር እ.ኤ.አ. በ2018 ሜክሲኮ ላይ ቱርክን በፍፁም ቅጣት ምት አሸንፋ የዓለም ዋንጫ አነሳች። ከአራት ዓመት በኋላ ኢስታንቡል ላይ ለፍጻሜ ደርሳ በዚያችው በቱርክ 4 ለ 1 ተሸነፈች። ጋናም፣ ናይጄሪያም፣ ታንዛኒያም ቡድን አላቸው።

የእኛም ልጆች ቢሆኑ መሣሪያና ሰው ሲያገኙ ምን እንደሚሠሩ አሳይተዋል። ታምሩ ደምሴ እ.ኤ.አ. በ2016 የሪዮ ፓራሊምፒክ በ1500 ሜትር ብር ያገኘበት ሰዓት 3:48.49 ነበር፤ በዚያው ዓመት በዚያው ከተማ ማቲው ሴንትሮዊትዝ የኦሊምፒክ ወርቅ ከወሰደበት ከ3:50.00 ይፈጥናል። ትዕግስት ገዛኸኝ በቶኪዮም በፓሪስም በዚሁ ርቀት ወርቅ ወስዳለች። ፓሪስ ላይ ፈጽሞ ማየት በማይችሉ ሴቶች ምድብ ያሸነፈችው ያየሽ ጌጤ የገባችበት 4:27.68 ያኔ የዓለም ክብረ ወሰን ሆኖ ተመዝግቧል። የያየሽ አጋዥ መሣሪያ አንዲት አጭር ገመድ ናት፤ ሌላኛው ጫፍ አሯሯጯ ክንዱ ሲሳይ እጅ ላይ ነበር። አበበ ቢቂላም መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ሆኖ እንግሊዝ ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ከታከመ በኋላ በዊልቸር ሆኖ ቀስት ወርውሯል፣ ኖርዌይ ሄዶም የበረዶ ላይ ሸርተቴ ውድድር አሸንፏል። አበበ ግን አበበ ነበር፤ እንግሊዝ ድረስ የሚልከው ነበረው።

የወንበርማ ልጅ ለመጀመር የሚያስፈልገው ክራንች ነው፣ ያውም ዓይነቱን ለይቶ። በብብት የሚያዘው የእንጨት ክራንች ለኳስ አይሆንም፤ ክብደትን በብብት ላይ መጣልም በጊዜ ብዛት ነርቭ ይጎዳል፣ እጅ ያደነዝዛል። የሚመረጠው ክንድ ላይ የሚታቀፈው የብረቱ ነው። ልኩ ቀጥ ብሎ ሲቆም መያዣው አንጓው ላይ የሚደርስ፣ ክርኑ ትንሽ እጥፍ የሚልበት ነው። ከሥሩ ያለችው ጎማ በጠጠር መንገድ ቶሎ ታልቃለች፤ ያለቀች ጎማ እርጥብ ሣር ላይ ታንሸራትታለች፣ ሌላ ስብራት ታመጣለች። እሷን ለመቀየር ባሕር ዳር መውረድ የለም። ገበያ ቀን በረባሶ ከሚሠራው ሰውዬ ጋ ክራንቹን ይዞ ሄዶ በልኩ ማስቆረጥ ይበቃል።