ዕጩው፣ ቃሉና የወጣቱ ፍርድ

አንድ ወጣት ለፕሬዚዳንትነት ስለሚወዳደር ዕጩ የሚይዘው አስተያየት ከየት ይመነጫል? ከዕጩው መልክና አንደበት ነውን? ከቤተሰቡ ልማድ ነውን? ወይስ ወጣቱ ራሱ ከሚገኝበት ነባራዊ የኑሮ ሁኔታ? የቡርዥዋው የፖለቲካ ሊቃውንት ይህን ጥያቄ ብዙውን ጊዜ የግል ስሜት ጉዳይ አድርገው ያቀርቡታል። በእነርሱ ዘንድ ዕጩው እንደ ሸቀጥ ይታሸጋል፣ ይዋባል፣ ለገበያ ይቀርባል፤ ወጣቱም እንደ ሸማች ከሁለቱ አንዱን አንስቶ ይሄዳል። እኛ ግን አስተያየት በገበያ የሚሸመት ነገር ሳይሆን በትግልና በተግባር የሚፈተን የንቃተ ህሊና ውጤት ነው እንላለን።

ይህን አባባል በባዶ ሜዳ እንዳንተወው አንድ የታወቀ የታሪክ ምዕራፍ እንመርምር። ምዕራፉ በአሜሪካ ከ1964 እስከ 1972 ያለው ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ክስተትና ምንነት

በ1946 ገደማ ኦሃዮ ውስጥ፣ በጎማ ፋብሪካዎቿ በታወቀችው በአክሮን ከተማ የተወለደ አንድ የላብ አደር ልጅ እናስብ። በ1964 ዕድሜው 18 ሞልቷል። በዚያው ዓመት ሁለት ዕጩዎች ይፋለማሉ፤ አንደኛው በኬኔዲ መገደል ምክንያት ሥልጣን የያዙት ሊንደን ጆንሰን፣ ሁለተኛው የአሪዞናው ሴናተር ባሪ ጎልድዋተር ናቸው። ጎልድዋተር ስለ ጦር መሣሪያ የሚናገሩት ሁሉ ሰሚውን ያስደነግጣል። የጆንሰን ወገን ይህን ድንጋጤ በሚገባ ተጠቀመበት። መስከረም 7 ቀን 1964 አንዲት ሕፃን የአበባ ቅጠል እየነቀለች ስትቆጥር፣ ወዲያውም የኑክሊየር ፍንዳታ ሲከተል የሚያሳይ ማስታወቂያ በቴሌቪዥን ተለቀቀ። በክፍያ የተላለፈው አንድ ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ የዜና ማሠራጫዎች ግን ደጋግመው አሳዩት። መልእክቱ ግልጽ ነበር፤ ጆንሰን ሰላም ናቸው፣ ተቃዋሚያቸው ጦርነት።

ጥቅምት 21 ቀን ጆንሰን ወደዚያችው አክሮን መጡ። የእስያ ልጆች ራሳቸው ሊሠሩት የሚገባውን እንዲሠሩላቸው አሜሪካ ወንዶች ልጆቿን በሺህ ማይሎች ርቀት እንደማትልክ ለተሰበሰበው ሕዝብ ተናገሩ። የጎማ ፋብሪካ ሠራተኛው ልጅ ይህን ሰምቶ ጆንሰንን ቢደግፍ ማን ይፈርድበታል? በተለይ ጥቁር አሜሪካዊ ከሆነ የሚደግፍበት ተጨማሪ ምክንያት ነበረው። ጆንሰን የዘር ልዩነትን የሚከለክለውን የሲቪል መብቶች ሕግ በሐምሌ 1964 ፈርመዋል፤ ጎልድዋተር ያንኑ ሕግ በሴኔት ተቃውመው ድምፅ ሰጥተዋል። አንድ ዕጩ አንድ ወጥ ነገር አይደለም። በውስጡ የሚጋጩ ኃይሎች፣ የሚገፉትና የሚጎትቱት ጥቅሞች አሉ። ይህን ቅራኔ ያላየ ፍርድ ሁሉ የጎደለ ፍርድ ነው።

ሆኖም ከአክሮኑ ንግግር ከሁለት ወር በላይ ቀደም ብሎ፣ ነሐሴ 7 ቀን፣ የቶንኪን ባሕረ ሰላጤ ውሳኔ የሚባለው ሰነድ በተወካዮች ምክር ቤት 416 ለ0፣ በሴኔት 88 ለ2 በሆነ ድምፅ አልፏል። ውሳኔው ፕሬዚዳንቱ በደቡብ ምሥራቅ እስያ የጦር ኃይል እንደ አስፈላጊነቱ እንዲያዘምት ሰፊ ሥልጣን ይሰጥ ነበር። የተቃወሙት የኦሪጎኑ ዌይን ሞርስና የአላስካው ኧርነስት ግሩኒንግ ብቻ ናቸው። እንግዲህ ክስተቱ በአክሮን መድረክ ላይ የተነገረው ቃል ነበር፤ ምንነቱ በዋሽንግተን በጠራራ ፀሐይ በተፈረመው ወረቀት ላይ ሰፍሮ ነበር። ንግግሩ በየቤቱ ሲሰማ ወረቀቱን ያነበበው ግን ጥቂት ሰው ነው።

ጆንሰን ከ100 መራጮች የ61ዱን ድምፅ አግኝተው አሸነፉ። መጋቢት 8 ቀን 1965 3,500 የባሕር ወለድ ጦረኞች ዳናንግ ላይ ወረዱ። በዓመቱ መጨረሻ በቪየትናም ያሉት የአሜሪካ ወታደሮች ቁጥር ወደ 184,000 ደረሰ፤ በ1968 ከግማሽ ሚሊዮን አለፈ። ከ58,000 በላይ አሜሪካውያን አለቁ፤ የቪየትናም ሕዝብ ዕልቂት ደግሞ በሚሊዮን ይቆጠራል። በሰኔ 1971 በጋዜጣ የወጡት ምስጢራዊ የመንግሥት ሰነዶችም የሰላም ቃል በሚሰጥበት በዚያው የምርጫ ወራት ጦርነቱን ስለማስፋት በባለሥልጣናቱ መካከል ይመከር እንደነበር አጋለጡ።

ማን ይዘምታል? ማንስ ይመርጣል?

የዚህ ታሪክ መራራ ገጽታ ሌላ ነው። በአብዛኞቹ ግዛቶች የምርጫ ዕድሜ 21 ዓመት ስለነበር የአክሮኑ ልጅ በ1964 ድምፅ መስጠት አይችልም ነበር። ለግዴታ ውትድርና ግን 18 ዓመት በቂ ነው። ለመሞት የደረሰ ለመምረጥ አልደረሰም ማለት ነው።

ሸክሙም ቢሆን በእኩል አልተከፋፈለም። በኮሌጅ የሚማር ወጣት ጥሪው ይተላለፍለት ነበር፤ በመሆኑም አባቱ የትምህርት ክፍያ የሚችልለት ከመጽሐፍ ጋር ሲቆይ፣ ከሁለተኛ ደረጃ በቀጥታ ወደ ፋብሪካ የገባው የጥሪ ወረቀት ደረሰው። ማርቲን ሉተር ኪንግ ሚያዝያ 4 ቀን 1967 ኒው ዮርክ ውስጥ በሪቨርሳይድ ቤተ ክርስቲያን ሲናገሩ ድሆች ጥቁሮችና ድሆች ነጮች ጎን ለጎን እንደሚሞቱ፣ በገዛ አገራቸው ግን በአንድ ትምህርት ቤት እንደማይቀመጡ አስገነዘቡ። ታኅሣሥ 1 ቀን 1969 የ366 ቀናት ስም በየቀፎው ተከቶ የዘማች ዕጣ ሲወጣ፣ መጀመሪያ የወጣው መስከረም 14 ነበር። ዕጣው የልደት ቀንን ቢያስተካክልም የኑሮን ደረጃ አላስተካከለም።

ያልመረጡት የታገሉት

ታዲያ ድምፅ የሌለው ወጣት አስተያየቱ ዋጋ የለውምን? የ1968 የኒው ሃምፕሸር ቅድመ ምርጫ መልስ ሰጥቶበታል። ጦርነቱን የተቃወሙትን ሴናተር ዩጂን ማካርቲን ለመደገፍ ከየዩኒቨርሲቲው የጎረፉ ተማሪዎች ጸጉራቸውን ተቆርጠው፣ ጺማቸውን ተላጭተው፣ በክረምቱ ብርድ ከደጅ ወደ ደጅ ዞሩ። ብዙዎቹ ለመምረጥ ዕድሜያቸው ያልደረሰ ነበሩ። መጋቢት 12 ቀን ማካርቲ ከመቶ 42 ያህል አገኙ፤ በሥልጣን ላይ ያሉት ፕሬዚዳንት ከመቶ 49 ገደማ ብቻ። መጋቢት 31 ቀን ጆንሰን እንደማይወዳደሩ አስታወቁ። የካርድ ባለቤት ያልሆነ ወጣት በተደራጀ ሥራ የፖለቲካውን ሚዛን ሊያናውጥ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

ነገር ግን መነሣሣት ብቻውን ድል አይሆንም። በዚያው ዓመት በሰኔ ሮበርት ኬኔዲ ተገደሉ። በነሐሴ የቺካጎው ጉባኤ በቅድመ ምርጫዎች ያልተወዳደሩትን ሂዩበርት ሀምፍሪን ዕጩ አድርጎ ሰየመ፤ ወጣቶቹ ውጭ በፖሊስ ዱላ ይደበደቡ ነበር። የፓርቲው መዋቅር በእጃቸው አልነበረምና ያፈሩትን ሌላው ለቀመው። በኅዳር የተመረጡት ሪቻርድ ኒክሰን ሰላም በክብር የሚል ተስፋ ሰጥተው ነበር። ሚያዝያ 30 ቀን 1970 ጦሩ ወደ ካምቦዲያ መዝለቁን አስታወቁ። ግንቦት 4 ቀን፣ ከአክሮን ብዙም በማትርቀው በኬንት፣ የኦሃዮ ብሔራዊ ዘብ በተማሪዎች ላይ ተኩሶ አራቱን ገደለ።

ወጣትነት ዕድሜ እንጂ መደብ አይደለም

በዚህ ሁሉ ግፊት የምርጫን ዕድሜ ወደ 18 ያወረደው 26ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ሐምሌ 1 ቀን 1971 ጸደቀ። ከምክር ቤቱ ወጥቶ በግዛቶቹ እስኪጸድቅ የፈጀው ወደ 100 ቀን ብቻ ነው። ብዙዎች የወጣቱ ማዕበል በ1972 የጦርነቱን ተቃዋሚ ጆርጅ ማክገቨርንን ወደ ሥልጣን ያወጣል ብለው ጠበቁ። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ኒክሰን 49 ግዛቶችን ወሰዱ፤ ለማክገቨርን የቀሩት ማሳቹሴትስና ዋና ከተማዋ ዋሽንግተን ብቻ ነበሩ። ከ18 እስከ 24 ዓመት ካሉት ወጣቶች ድምፅ የሰጡት ግማሽ ያህሉ ሲሆኑ፣ ከሰጡትም ውስጥ ኒክሰንን የመረጡት ጥቂት አልነበሩም።

ስሕተቱ ከተንታኞቹ ነበር። ወጣቱን ሁሉ አንድ መደብ አድርገው ቆጠሩት። የኮሌጁ ተማሪና የብረት አቅላጩ፣ የገበሬው ልጅና የባንክ ባለቤቱ ልጅ በዕድሜ ይገናኙ እንጂ በጥቅም አይገናኙም። ወጣትነት የጋለ ስሜትና የማይደክም ጉልበት ይሰጣል፤ አቅጣጫ ግን አይሰጥም። አቅጣጫ የሚገኘው ከጠራ ንቃተ ህሊናና ከድርጅት ነው።

የፍርድ መመዘኛ

ይህ ሁሉ ያለፈ ዘመን ወሬ ብቻ አይደለም። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሜሪላንድ፣ በቨርጂንያና በሚኒሶታ የተወለዱ የኢትዮጵያውያን ልጆች 18 ዓመት ሲሞላቸው ይኸው ጥያቄ ይጠብቃቸዋል። አባትና እናት ዕጩውን በኢትዮጵያና በስደተኞች ላይ በሚይዘው አቋም ሲመዝኑት፣ ልጅ የትምህርት ዕዳውንና የቤት ኪራዩን እያሰበ ይመዝነዋል። ሁለቱም ተጨባጭ ጥቅም ነውና አንዱ ሌላውን ሊንቅ አይገባም። የቴሌቪዥኑን ቦታ የእጅ ስልክ ቢወስድም፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2010 ለኩባንያዎች የምርጫ ወጪ በሩን ቢከፍትም፣ ማሸጊያውን ከይዘቱ የመለየቱ ግዴታ ያው ነው።

በሀገራችን ሕገ መንግሥት ርዕሰ ብሔሩ በሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ ስለሚመረጥ ወጣታችን ለፕሬዚዳንት በቀጥታ ድምፅ አይሰጥም። ይሁን እንጂ 18 ዓመት ሲሞላው ለተወካዮች ምክር ቤት ይመርጣል፤ የዕጩ ቃልም እንደማንኛውም አገር መራጭ ወደ ጆሮው ይመጣል። ስለዚህ ከላይ ካየነው የሚቀሰመው ትምህርት ለእርሱም ነው።

አንደኛ፣ ዕጩው ዛሬ የሚናገረውን ትናንት ከፈረመው ጋር ማስተያየት ይገባል። ሁለተኛ፣ ለዘመቻው ገንዘብ የሚያወጣው ማን እንደሆነ፣ ውሳኔው ሲፈጸም ዋጋ የሚከፍለውስ ማን እንደሆነ መጠየቅ ይገባል፤ ሁለቱ አንድ ወገን ካልሆኑ ጥንቃቄ ያሻል። ሦስተኛ፣ ብቻቸውን የሚቆሙትን ጥቂቶች መስማት ይገባል። ሞርስና ግሩኒንግ በ1968 ወንበራቸውን አጥተዋል፤ ታሪክ ግን ለእነርሱ ፈረደ። አራተኛ፣ ፍርዱ በምርጫው ቀን አያበቃም። የተመረጠው ሰው ቃሉን ሲያጥፍ አስተያየቱን መለወጥ ክህደት አይደለም፤ ቃል ያጠፈው ሌላ ነውና።

አበው ከአንደበት የወጣ ከእጅ የወደቀ ሲሉ ተናጋሪው እንዲጠነቀቅ ነው። ወጣቱ ግን ሰሚ ነውና ተግባሩ የወደቀውን አንሥቶ መመርመር፣ ያልተሟላውን ቃል ባለቤቱን በስሙ ጠርቶ መጠየቅ ነው። የአክሮኑ ልጅ በ1964 ይህን ለማድረግ ካርድ አልነበረውም። ካርዱ ዛሬ በእጁ ያለ ወጣት ሁሉ ሳያነብና ሳይመረምር በሳጥኑ ሊከተው አይገባም።