ስለ ላሽ ሕመምና ስለ ሕክምናው ለቤተ ሰብ የሚሰጥ ምክር

ጠጕር የሰው ጌጥ መሆኑን በአገራችን የማያውቅ የለም። ሮቤና ጎባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያሉ የባሌ ደጋ ከተሞች ስለሆኑ፣ ብርዱን ለመከላከል ወንዱ በጋቢ ሴቲቱም በሻሽ ራሳቸውን ሸፍነው ይውላሉ። ከዚህ ልብስ ሥር ተሸሽጎ የሚኖር አንድ ሕመም አለ፤ ስሙም ላሽ ይባላል። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም እንደ ተባለ፣ ስለዚህ ሕመም ለክቡራን አንባቢዎቻችን ጥቂት ልንገልጥ ወደድን።

ላሽ ሲጀምር በራስ፣ በጢም ወይም በቅንድብ ላይ እንደ ሳንቲም ክብ በሆነ ስፍራ ጠጕሩ በድንገት ይረግፋል። ቆዳው ግን ለስላሳ እንደ ሆነ ይቀራል እንጂ አይቈስልም፤ ቅርፊትም አያወጣም። ቆረቆር ከዚህ የተለየ ነው፤ ከሰው ወይም ከእንስሳ የሚጋባ፣ ቅርፊት የሚያወጣና ጠጕሩን የሚሰባብር የሻጋታ ሕመም ሲሆን በሚዋጥ መድኃኒት ይድናል። ሁለቱን ሳይለዩ ላሽ የያዘውን ልጅ ከትምህርት ቤት ማስቀረት፣ ከወንድሞቹ መኝታ መለየት ወይም ልጅቱን ከትዳር መከልከል ታላቅ በደል ነው፤ ላሽ ከቶ አይጋባምና።

የሕመሙ ምክንያት እንዲህ ነው። ሰውነታችን ከበሽታ የሚጠብቁት ዘበኞች በደሙ ውስጥ አሉት። በላሽ ጊዜ እነዚህ ዘበኞች ወዳጅና ጠላት መለየት ተስኗቸው የጠጕሩን ሥር ይከብባሉ። ሥሩ ግን ይደክማል እንጂ አይሞትም፤ ስለዚህ ጠጕሩ ከብዙ ጊዜ በኋላ እንኳ ሊመለስ ይችላል። ከ100 ሰዎች 2 ያህሉን በዕድሜያቸው አንድ ጊዜ ያገኛቸዋል። ጥቂት ስፍራ ብቻ የተያዘበት ሰው ብዙ ጊዜ በ1 ዓመት ውስጥ ያለ መድኃኒት ይድናል፤ ካልዳነም ሐኪም በቆዳው ውስጥ ኮርቲዞን ይወጋለታል።

ራሱን በሰፊው ለያዘው ሰው ሌላ ብልሃት አለ። በ1983 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ሃፕለና ባልደረቦቹ ዲፌንሳይፕሮን የሚባለውን መድኃኒት ለላሽ እንደ ሞከሩት ገለጡ። ሐኪሙ በመጀመሪያ 2 በመቶ የሆነውን በትንሽ ስፍራ ቀብቶ ቆዳው እንዲያውቀው ያደርጋል። ከ2 ሳምንት በኋላ 0.001 በመቶ ከሚያህል እጅግ ከቀጠነው ይጀምርና ቆዳው ጥቂት ቀልቶ እስኪያሳክክ ድረስ በየሳምንቱ ኀይሉን ይጨምራል። ሊቃውንት እንደሚያስቡት፣ ዘበኞቹ በዚህ አዲስ ጠብ ሲያዙ የጠጕሩን ሥር ይተዉታል። የሚጠቅም ከሆነ በ3 ወር ገደማ አዲስ ጠጕር ይታያል፤ ነገር ግን ለሁሉ አይሠራም፤ የተመለሰውም እንደ ገና ሊረግፍ ይችላል።

መድኃኒቱ የተቀባበት ራስ 48 ሰዓት ሳይታጠብ፣ ከብርሃንም ተሸፍኖ ይቈያል። የባሌ ደጋ ፀሐይ ከብርዱ ጋራ ብርቱ ስለሆነ በዚህ ጊዜ ሻሹ ለመደበቂያ ሳይሆን ለሕክምና ያገለግላል። ቆዳው ውኃ ከቋጠረ፣ የአንገት ዕጢ ካበጠ ወይም የቆዳው ቀለም ከተለወጠ ወዲያው ለሐኪም መንገር ይገባል። ነፍሰ ጡር ሴት ይህን መድኃኒት አትቀባም።

ቆዳን መቈጣት ይጠቅማል ሲባል ሰምቶ በነጭ ሽንኩርት ወይም በቤንዚን ራስን ማቃጠል ግን ፈጽሞ አይገባም። የሐኪሙ መቈጣት በመጠን የተለካ ነው፤ የቤቱ ግን ቆዳውን አቍስሎ ጠባሳ ሲተው፣ በሕይወት የነበረውን ሥር ይገድለዋል።

በሰኔ 2022 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የአሜሪካ የመድኃኒት ባለ ሥልጣን ባሪሲቲኒብ የሚባል የሚዋጥ መድኃኒት ለጽኑ ላሽ ፈቅዷል፤ ይህም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወሰድም።

እንግዲህ የቤቱ አባትና እናት ልጃቸውን አስቀድመው በጎባ ሆስፒታል ያስመርምሩ፤ የቆዳ ሐኪም ካስፈለገ በአዲስ አበባ የአለርት ሆስፒታል አለ። ከሮቤ እስከዚያ 430 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ በየሳምንቱ መመላለስን የሚጠይቅ ሕክምና ከመጀመሩ በፊት ጊዜውንና ወጪውን መመካከር ያስፈልጋል። መድኃኒቱ እስኪሠራ ድረስ ግን ልጁ በቤቱ እንዳይናቅ፣ በጓደኞቹም እንዳይሰደብ መጠበቅ የማንኛውም ቤተ ሰብ ግዴታ ነው።