ፕሮሰስ እስኪያልቅ የማይጠብቅ ግብ

ካኩማ ውስጥ የምናስተምር ስደተኛ መምህራን በእረፍት ሰዓት ሰብሰብ ስንል ወሬያችን የታወቀ ነው፤ ራሽን፣ ኢንሴንቲቭ፣ ፕሮሰስ። ባለፈው ተርም ግን ሌላ ወሬ ገባብን። ወሬው ከመምህር አልፎ ለልብስ ሰፊውም፣ በክሊኒክ ለሚሠራውም፣ ለአስተርጓሚውም ይበጃል ብለን ስላመንን እነሆ ለአንባብያን አቅርበነዋል።

ነገሩን ያመጣው አንድ ባልደረባችን ነው። እንደ ብዙዎቻችን ከሁለተኛ ደረጃ ሳያልፍ ነበር ጠመኔ የጨበጠው። ኋላ ለስደተኞች በሚሰጥ የትምህርት ዕድል የመጀመሪያ ዲግሪውን ያዘ፤ አሁን ደግሞ በኢንተርኔት ማስተርሱን ይማራል። የሚያጠናው የትምህርት ንድፍ ይባላል። ሰው እንዴት እንደሚማር አጥንቶ ትምህርቱን፣ መልመጃውንና ፈተናውን ከዚያ ተነስቶ ማቀድ ማለት ነው። ግንበኛ ድንጋይ ከመደርደሩ በፊት ፕላን እንደሚያየው ዓይነት ነው።

የመጀመሪያ የቤት ሥራው «በትምህርት ዘመንህ የምትደርስባቸውን የሙያ ዕድገት ግቦች ጻፍ» የሚል ነበር። ሦስት ጻፈ። የታወቀ የትምህርት ንድፍ ባለሙያ መሆን፣ በትልቅ ዓለም አቀፍ ድርጅት መቀጠር፣ ሦስተኛ ሀገር ሲደርስ ዶክትሬት መማር። መምህሩ አንድ ጥያቄ ብቻ ጽፎ መለሰለት፦ «ከእነዚህ ውስጥ በሚቀጥሉት ሦስት ወራት በአንተ እጅ ያለው የትኛው ነው?»

ወረቀቱን ተቆጥቶ ይዞልን መጣ። «እኔ ሕልሜን ጻፍኩለት፤ እሱ የሦስት ወር ነገር ይጠይቀኛል!» አለን። እኛም መጀመሪያ ከእሱ ጋር ሆንን። የኛን ኑሮ የማያውቅ ሰው ነው አልን። በኋላ ግን አንዷ መምህርት «እስቲ እኛም እንጻፍ» ብላ ወረቀት አደለችን። ሰባት ሆነን ጻፍን፤ ስናነበው አምስታችን «ፕሮሰሴ ሲያልቅ» ብለን ነበር የጀመርነው። ለጥቂት ጊዜ ማንም አልተናገረም።

ዝምታው ምክንያት ነበረው። ይህ መጠለያ ጣቢያ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። እዚህ ተወልዶ፣ እዚህ ተምሮ፣ እዚሁ የሚያስተምር ሰው አለ። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 አሜሪካ ስደተኛ መቀበሏን ስታቆም በረራ ሲጠብቁ የነበሩ ሰዎች ወደ ብሎካቸው ተመለሱ። በዚያው ዓመት የእርዳታ ገንዘብ ሲያጥር ራሽንም ተቀነሰ። ነገውን በሙሉ ፋይሉ ውስጥ ያስቀመጠ ሰው ፋይሉ ሲቆም አብሮ ቆመ። ከእኛም አንዱ ሁለት ወር ሙሉ ክፍል አልገባም። አንፈርድበትም፤ ሁላችንም ጫፍ ላይ ነበርን።

ባልደረባችን ከትምህርቱ ያመጣልን አንድ ታሪክ ግን ዓይናችንን ገለጠው። በየስልጠናው ስለ ግብ አጻጻፍ «ስማርት» የሚል ነገር ሰምተናል፤ ግልጽ ይሁን፣ የሚለካ ይሁን፣ ሊደረስበት የሚችል ይሁን እየተባለ። ይህን አምስት ፊደል ጆርጅ ዶራን የሚባል አሜሪካዊ የአስተዳደር አማካሪ እ.ኤ.አ. በ1981 ነው በአንድ መጽሔት ላይ ያወጣው። ሦስተኛዋ ፊደል በእሱ ጽሑፍ ውስጥ «ሊደረስበት የሚችል» አትልም ነበር፤ «ማን እንደሚሠራው ይታወቅ» ነው የምትለው። ይህን ስንሰማ ወደ ወረቀታችን ተመለስን። ፕሮሰሱን የሚሠራው ማን ነው? እኛ አይደለንም። እንግዲያው ፕሮሰስ ተስፋ እንጂ ግብ አይደለም። ተስፋን መያዝ ነውር የለውም፤ የግብን ቦታ ሲወስድ ግን እጅ ያስራል።

ሁለተኛው ያመጣልን ነገር ከኋላ ወደ ፊት ማቀድ ነው። ግራንት ዊጊንስና ጄይ መክታይ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1998 በመጽሐፍ ያሰፈሩት ዘዴ ነው። መጀመሪያ ተማሪው በመጨረሻ ምን እንዲያውቅ እንደሚፈለግ ይወሰናል። ቀጥሎ ማወቁ በምን እንደሚታይ ይወሰናል። የዕለቱ ትምህርት የሚታቀደው ከዚያ በኋላ ነው። እኛ የለመድነው ተቃራኒውን ነው፤ መጽሐፉን ከፍተን ገጽ በገጽ መሄድ፣ ተርሙ ሲያልቅ የደረስንበት ላይ ማቆም። ባልደረባችን ዘዴውን በራሱ ላይ ሞከረው። ግቡንም እንዲህ ብሎ ጻፈ፦

«እስከ ተርሙ መጨረሻ በ6ኛ ክፍል ሒሳብ በሳምንት ሁለት ቀን ደወል ከመደወሉ በፊት አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ። መልሱን ሰብስቤ ማታ አያለሁ። የማግስቱን ትምህርት ከዚያ እጀምራለሁ። በወር አንዴ አንድ መምህር ገብቶ ያየኛል።»

ትንሽ ግብ ትመስላለች። ክፍሉ ውስጥ ግን ከመቶ በላይ ልጆች አሉ። ማታ በሶላር መብራት ሁሉንም ማረም ስለማይቻል ወረቀቶቹን በሦስት ክምር ብቻ ይለያል፤ የገባቸው፣ ግማሽ የገባቸው፣ ያልገባቸው። በመጀመሪያው ሳምንት ግማሽና ሲሶን ደምሩ አላቸው። ልጆቹ ክፍልፋይ ያውቃሉ ብሎ ነበር። ከግማሽ የሚበልጡት ላዩን ከላዩ፣ ታቹን ከታቹ ደምረው ሁለት አምስተኛ ብለው ጻፉ።

በማግስቱ ሁለት ጫፓቲ ይዞ ገባ። አንዱን ለሁለት፣ ሌላውን ለሦስት ቆረጠ። ከአንዱ ግማሽ፣ ከሌላው ሲሶ አንስቶ አንድ ላይ ያዘና «ይህ ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» አለ። «ይበልጣል!» አሉት። «ሁለት አምስተኛስ?» አንዲት ከኋላ የተቀመጠች ልጅ ትንሽ አሰበችና «ያንሳል፤ እንዴት ግማሽ ላይ ተጨምሮ ከግማሽ ያንሳል?» ብላ ጮኸች። ያን ቀን ለማየት የገባነው እኛ ነበርን። ለዓመታት ስናስተምረው የኖርነውን ስህተት ከልጅቷ አፍ ሰማነው።

ሁሉም ነገር ቀና ሆነ ብለን አንዋሽም። በሦስተኛው ሳምንት ወረቀት አለቀ፤ ስለዚህ መልስ በጣት ማሳየት ተጀመረ። ባንድል አጥቶ የቤት ሥራውን አዘግይቶ የላከበት ጊዜም አለ። ሌላ መምህር ገብቶ ሲያየንም መጀመሪያ ላይ እንደ ኢንስፔክተር ፈርተነው ነበር።

ሌሎቻችንም የየራሳችንን ይዘናል። አንዱ ሦስት ዓመት ሙሉ «እንግሊዝኛዬን ማሻሻል» እያለ ይጽፍ ነበር። አሁን ከየትምህርቱ አምስት ቃላት አውጥቶ ክፍል ከመግባቱ በፊት አጠራራቸውን ከኬንያዊ ባልደረባው ይለማመዳል። አንዷ ዲፕሎማ ትፈልጋለች። በኬንያ የቀድሞው የአንደኛ ደረጃ መምህራን ሰርተፍኬት ቀርቶ በዲፕሎማ ስለተተካ ፍላጎቷ ትክክል ነው። ሆኖም የዚህ ተርም ግቧ ዲፕሎማው አይደለም፤ ከኢትዮጵያ ያመጣችውን የ10ኛ ክፍል ውጤት በኬንያ ደረጃ ማስተመን ነው። ያ ሳይሆን በሩ አይከፈትም።

በካምፕ ውስጥ ሆኖ ሩቅ መድረስ እንደሚቻል ዳዳብ ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የካናዳው ዮርክ፣ የኬንያዎቹ ኬንያታና ሞይ ዩኒቨርሲቲዎች ተባብረው ባካሄዱት ፕሮግራም እዚያው ካምፕ የሚያስተምሩ ስደተኞች ዲግሪ ይዘዋል። እስከ ማስተርስ የዘለቁም አሉ።

አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንፈልግም። ግብ መጻፍ የኢንሴንቲቭን ማነስ አይሸፍንም፤ የመቶ ልጆችንም ክፍል ሃምሳ አያደርግም። መምህሩ ግቡን ሲጽፍ የሚመለከታቸው ክፍሎችም የበኩላቸውን መጻፍ አለባቸው። የእነሱን እስክናይ ድረስ ግን ልጆቹ በየጠዋቱ ክፍል ውስጥ ናቸው።

እናንተም ብትሞክሩት አራት ጥያቄ ይበቃል። በሥራዬ ምን አልሆነልኝም? ከዚያ ውስጥ በኔ እጅ ያለው የቱ ነው? መለወጡን በምን አያለሁ፣ እስከ መቼ? ማን ያየኛል? አራተኛዋን አትዝለሏት። ለሌላ ሰው ያልተነገረ ግብ ከሳምንት አያልፍም፤ በኛ ደርሷል።

የኛን ሰባት ግቦች በካርቶን ላይ ጽፈን መምህራን ክፍል ግድግዳ ላይ ሰቅለናል። ቅዳሜ ከሰዓት እዚያው ተቀምጠን እናነባቸዋለን፤ ያልሆነለትም ያልሆነበትን ይናገራል። መምህርም ሆናችሁ አልሆናችሁ ጎራ በሉ። ባልደረባችን ዶክትሬቱን ሰርዞት እንደሆነ ለጠየቃችሁን፣ አልሰረዘውም። ከካርቶኑ ጀርባ ጽፎታል።