ከአምስቱ ስሞች ማን ይቀድማል?

አምስት ተማሪዎች በአንድ ክፍል ተመዘገቡ እንበል፤ ስማቸውም ተስፋዬ፣ በቀለ፣ ለማ፣ አበበ እና ኃይሉ ነው። ከእነዚህ መካከል በመዝገቡ ራስ ላይ የሚጻፈው ማን ነው? «ይኸማ የሕፃን ጥያቄ ነው» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ነገር ግን ሦስት ጸሐፊዎች ሦስት ልዩ ልዩ ስም ቢያቀርቡልን፣ ሦስቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ።

የፊተኛውን ለማግኘት ካርዶቹን ሁሉ በተራ መደርደር አያስፈልግም። አንዱን በእጅ ይዞ የቀሩትን አንድ በአንድ ከእርሱ ጋር ማነጻጸር ነው፤ የሚቀድመው ሲገኝ የያዙትን አስቀምጦ እርሱን መያዝ። በመጨረሻ በእጅ የቀረው የፊተኛው ነው። ለ5 ካርድ 4 ጊዜ፣ ለ50 ካርድ 49 ጊዜ ማነጻጸር ይበቃል። ጭንቁ ያለው «ይቀድማል» በሚለው ቃል ላይ ነው።

በ«ሀ ሁ» ተራ ሄደን ኀን በራሱ ስፍራ ብንቈጥረው ለማ ይቀድማል። ሀ፣ ሐ እና ኀ በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ስለ ሆነ እንደ አንድ ፊደል ይቈጠሩ ካልን ግን፣ ኃይሉ ከአራተኛው ስፍራ ተነሥቶ አንደኛ ይሆናል። በ«አበገደ» ተራ ደግሞ ሁለቱንም አልፎ አበበ ይመጣል። ይህም ተራ ለጨዋታ የተፈጠረ አይደለም፤ በ1948 ዓ.ም. የታተመው የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግእዝ መዝገበ ቃላት የተደረደረው በእርሱ ነው። ሀ ሁን ብቻ የተማረ ሰው መጽሐፉን ሲገልጥ ግራ ይጋባል።

ኮምፒዩተርም ከዚህ አያመልጥም። እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል መዝገብ ሲገባ ለእያንዳንዱ ሆሄ ቍጥር ተሰጠው፤ ለ 4616፣ ኃ 4739 ነው። መሣሪያው ሌላ ደንብ ካልተነገረው በቀር ቍጥሩን ብቻ አይቶ ለማን ያስቀድማል።

ይህ ሁሉ ከንቱ ክርክር የሚመስለው ስሙን በዝርዝር ላይ ፈልጎ ላላጣ ሰው ነው። በትምህርት ቤቱ «ኃይሉ» ተብሎ የተመዘገበው ልጅ በፈተናው ዝርዝር «ሀይሉ» ተብሎ ቢጻፍ፣ አባትዮው በተለጠፈው ወረቀት ላይ በተ እና በነ መካከል ሲፈልግ ይውላል፤ የልጁ ስም ግን ከላይ፣ ከመጀመሪያው መስመር ላይ ተቀምጧል። ስለዚህ ለክፍል መዝገብ እኔ የምመርጠው ሦስቱን ሀዎች እኩል የሚያደርገውን ደንብ ነው፤ ሠን ከሰ፣ ዐን ከአ፣ ፀን ከጸ ጋር እንዲሁ። የግእዝ መምህራን ቢቈጡኝ አልፈርድባቸውም፤ በእነርሱ ቋንቋ የፊደል ለውጥ ትርጕም ይለውጣል።

በዚህ ደንብ ኃይሉ እና ሀይሉ እኩል ሲሆኑ በአባት ስም ይለያሉ፤ ያም አንድ ከሆነ በአያት። አያትም ካልለየ፣ አስቀድሞ በእጅ የተያዘው ካርድ እንደ ተያዘ ይቈያል።